የሚካኤሏ መፍቻ

አበልጄ የግቢያችን ቁልፍ ነበራቸው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የሰጣቸው ነው። እሱና እሳቸው ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት አብረው ይሠሩ ነበር። ወንድ ልጃችን በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ከካህኑ እጅ ተቀብለው ያቀፉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ እኔም በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። አበልጄ ይሉኛል፣ አበልጄ እላቸዋለሁ። የሥጋ ዘመድ ሳንመርጠው የተሰጠን ነው። እሳቸውን ግን እኔና ባለቤቴ ተመካክረን፣ በእግዚአብሔር ፊት መርጠናቸዋል።

ባለቤቴን ከቀበርን በኋላ በሩን ሳያንኳኩ ከፍተው የሚገቡት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። የቆርቆሮው በር ሲንቋቋ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። እቤት ውስጥ ሆኜ «ይግቡ አበልጄ» እላለሁ እንጂ ማን እንደሆነ ለማየት አልወጣም።

ባለቤቴ ትቶልን የሄደው አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነው። የምነዳው እኔ ነኝ። ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመልሳለሁ። ልጄን አስተምሬ ለሥራ ያበቃሁት በዚህ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከኮልፌ ዋና መንገድ ወደ እኛ የሚወጣው መንገድ ግን ለመኪና የታሰበ አይመስልም። በበጋ አቧራው ፍሬን ውስጥ ይገባል፤ በክረምት ጭቃው የደበቀው ድንጋይ ጎማ ይበላል። ጋራዥ የገባ መኪና ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ሚኒባሷ አንድ ቀን ከቆመች ልጆቹ ቤት ይውላሉ፤ ከደጋገመች ወላጆች ሌላ ሰርቪስ ይፈልጋሉ። ባለቤቴ ይህን ስለሚያውቅ ጎማ መፍታት፣ ፍሬን ማጽዳት፣ የፍሬን ሸራ ሲያልቅ መቀየር አስተምሮኛል።

«መጀመሪያ ጎማው መሬት ላይ እያለ ብሎኑን ፈታ ፈታ አድርጊ፤ ክሪክ የምታስገቢው ከዚያ በኋላ ነው» ይለኝ ነበር። «ስታስሪም ተራ በተራ አይደለም፤ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅሽ።»

እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የማደርገው።

አንድ ክረምት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እርጥብ ደረጃ አዳለጠኝና በቀኝ እጄ ላይ ወደቅሁ። ወጌሻው አሽቶ መለሰልኝ፤ ዳነ። ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። መሪ ለመያዝ ይበቃል፤ የከረረ ብሎን ለመፍታት አይበቃም። ልጄ በዚያን ጊዜ አዳማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ስለዚህ ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ለአበልጄ እደውላለሁ፤ ከጋራዥ ሲወጡ ይመጣሉ። አንዳንዴ ይዘገያሉ፣ አንዳንዴም ይቀራሉ። የራሳቸው ሥራና ቤተሰብ አላቸው። ብዙ ጊዜ መጥተውልኛል፤ ያን አሁንም አልክድም።

አንድ ቅዳሜ የሚኒባሷ ፍሬን ድምፅ ሲያሰማ አበልጄ የኋላ ጎማዋን ሊፈቱልኝ መጥተው ነበር። ልጄም በዕረፍቱ ከአዳማ ሲመጣ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ይዞ ገባ።

«ክፈቺው እማዬ።»

ከፈትኩት። መያዣ አለው፤ አፍ አለው፤ ጣት የሚያርፍበት ነገር አለው።

«ጸጉር ማድረቂያ ነው?» አልኩት።

ልጄና የክርስትና አባቱ ተያይተው ሣቁ።

«የእናትህን ጸጉር በዚህ ብታደርቀው አንገቷ ተፈትቶ ይወጣል» አሉ አበልጄ።

«ብሎን መፍቻ ነው እማዬ። በባትሪ ነው የሚሠራው። አንቺ ደግፈሽ መያዝ ብቻ ነው፤ የሚፈታው እሱ ራሱ ነው።»

ወደ ሚኒባሷ ወሰደኝ። አፉን ብሎኑ ላይ ገጠመው፣ እጄን ከሥር ደገፈው፣ ጣቴን አስጫነኝ። መጀመሪያ እንደ መዶሻ ቀጠቀጠ፤ ዶሮዎቹ ከጎማው አጠገብ ተበታተኑ። ከዚያ ድምፁ ቀለል አለና ብሎኑ እየተሽከረከረ ወጣ። በሌላው እጄ ተቀበልኩት። ትኩስ ነበር። ባለቤቴ የጎማ ቁልፉ ላይ በእግሩ ቆሞ የሚፈታው ብሎን ነው። እኔ በሁለት ጣት ፈታሁት።

«ከሥራ አስወጣኸኝ ማለት ነው» አሉት አበልጄ የክርስትና ልጃቸውን። «ከእንግዲህ እናትህ አትደውልልኝም።»

«ለምሳ እደውልልዎታለሁ» አልኳቸው።

ከዚያ ለአዲስ ዕቃ ሁሉ የማደርገውን አደረግሁ። መስኮቱ ሥር ከማስቀምጠው የጠበል ጠርሙስ ጥቂት መዳፌ ላይ አፈሰስኩና በስመ አብ ብዬ መፍቻው ላይ ረጨሁ። ሚኒባሷንም ያስጀመርናት እንዲሁ ነው። ልጄም መጀመሪያ ሥራ የገባ ቀን ግንባሩን ሳልነካው ከቤት አልወጣም።

«እማዬ፣ ባትሪ ነው'ኮ።»

«ባትሪም ይባረክ።»

ልጄ እየሣቀ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። አበልጄ ቆመው ያዩ ነበር። እሳቸውም ሣቁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት መልካም ነበሩ። ጎማ ሲተነፍስ ማንንም አልጠበቅሁም። ቅዳሜ ጠዋት ባትሪውን ሰክቼ እሞላለሁ፣ ጎማዎቹን በየተራ አወርዳለሁ፣ አቧራውን አራግፌ ፍሬኑን አያለሁ። መልሼ ሳስር መፍቻው ካጠበቀው በኋላ በባለቤቴ የእጅ ቁልፍ አንዴ እሞክረዋለሁ። የሰው ልጆች ነው የምጭነው። መፍቻውን ወደ ሳጥኑ ስመልስ ልጄ አጠገቤ ያለ ይመስለኛል።

በበዓል ግን ብረት አልነካም። ልጆቹን ማድረስ ስላለብኝ አደርሳለሁ፤ በየወሩ በሚካኤልና በማርያም ዕለት ከዚያ ወዲያ ሥራ የለም። ልጆቹን ካወረድኩ በኋላ ሚኒባሷን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አቁሜ እገባለሁ። ቅዳሴው አልቆ፣ ጠበል ቀድቼ፣ ከሰው ጋር ተሳስሜ ቤቴ የምደርሰው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከሁሉ በላይ አበልጄ ያውቃሉ።

አልፎ አልፎ የማይገባኝ ነገር ነበር። ሞልቼ ያስቀመጥኩት ባትሪ ጎድሎ ይጠብቀኛል። ለልጄ በስልክ ስነግረው «ሲቀመጥ ትንሽ ይቀንሳል እማዬ» አለኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ መያዣው ላይ ግሪስ አገኘሁ። እኔ ነኝ ብዬ ጠረግሁት።

አንድ ቅዳሜ መፍቻውን አንሥቼ ብጫነው ዝም አለ። ባትሪው ሙሉ ነው። አውጥቼ መለስኩት፤ እንደገና ዝም። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው እንደ ተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ለአበልጄ ደወልኩላቸው፤ ያን ቀን ሳይዘገዩ መጡ። መፍቻውን አገላበጡት፤ ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ወዘወዙት።

«አበልጄ፣ ያን ቀን ጠበል ረጭተሽበት አልነበር?» አሉኝ።

«ረጭቻለሁ።»

«በቃ፣ እሱ ነው።»

«ትንሽ'ኮ ናት። ደግሞ ስንት ወር ሠራሁበት።»

«ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ከውጭ አይታይም፤ ውስጥ ውስጡን ሽቦውን ይጨርሰዋል።»

«ጠበል ነው'ኮ አበልጄ።»

«ለአንቺ ጠበል ነው። ለሽቦ ውሃ ነው።» ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ያዘነ ይመስል ነበር። «አይዞሽ። ለልጁ አንነግረውም። ገና በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ነው፣ ይከፋዋል።»

አመሰገንኳቸው። ገመናዬን ስለሸፈኑልኝ ከልቤ አመሰገንኳቸው።

መፍቻውን ሳጥኑ ውስጥ አድርጌ አልጋ ሥር ከተትኩት። ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ምን ያህል ረጨሽበት?» አሉኝ።

«መዳፌን የሚያረጥብ ያህል።»

«ይኼንንማ የእጅሽ ላብም ያደርገዋል።» ጥቂት አሰቡ። «እኔ ስለ ኤሌክትሪክ አላውቅም፣ ልጄ። ግን በዚህ አትጨነቂ።»

አትጨነቂ መባል ቀላል ነው። ከዚያ ወዲህ የጠበሉን ጠርሙስ ባነሣሁ ቁጥር እጄ ይከብደኝ ጀመር። ሚኒባሷን ጠዋት ስቀሰቅሳት እንደ ቀድሞው መሪዋን በጠበል አልነካሁም። በደል እንደሠራ ሰው ነበርኩ፤ በደሌ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም። ልጄ በስልክ «መፍቻው እንዴት ነው?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ። ውሸት አልተናገርኩም፤ ይሠራልም አላልኩም።

ሥራዬም እንደ ድሮው የሰው እጅ የሚጠብቅ ሆነ። አንድ ጠዋት ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ ተነፈሰብኝ። ልጆቹ ውስጥ ተቀምጠው እየጮሁ፣ እኔ ቁልፉ ላይ በእግሬ እየቆምኩ፣ ብሎኑ ግን አልነቃነቅ አለ። አንድ የታክሲ ረዳት ወርዶ ፈታልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ትምህርት ቤት ስንደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር። ከእናቶቹ አንዷ በማግስቱ «ለትናንቱ አልቀየምኩሽም፤ ከደገመሽ ግን ልጄን አዛውረዋለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ልጄ በሚቀጥለው ዕረፍቱ ሲመጣ አልጋ ሥር ጫማ ሲፈልግ ሳጥኑን አገኘው። ልደብቀው አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት።

«ውሃ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«የክርስትና አባትህ ናቸው።»

«እሳቸው ካሉማ ነው።» መፍቻውን እጁ ላይ ይዞ ቆየ። «አላልኩሽም ነበር እማዬ?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጅ ሳለ ሰንበት ትምህርት ቤት ከሁሉ ቀድሞ የሚገኝ ልጅ ነበር። አዳማ ከሄደ ወዲህ ሥራው እንደሚበዛበት አውቃለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን እንደማይዘወትርም አውቃለሁ። ስለዚህ በመጣ ቁጥር ጠበል በትንሽ ጠርሙስ አስይዘው ነበር። ብዙም የምሰጠው የለኝም፤ እሱን ግን ሳላስይዘው ሸኝቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ሲሄድ ጠርሙሱን ብዘረጋለት ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«ይቅርብኝ እማዬ። ለአንቺ ይሁንሽ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በስልክ ስናወራ ከጀርባው ጓደኞቹ ሲሣሣቁ ሰማሁ። አንዱ «እናቱ መፍቻ ያጠመቀችው?» አለ። ልጄ «ዝም በል» አለው፤ ግን እሱም እየሣቀ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። የመፍቻው ነገር አልነበረም ያስቀመጠኝ። በእጄ የያዝኩትን አንድ ነገር ለልጄ ማስተላለፍ ፈልጌ፣ በዚያው ነገር ያራቅሁት መስሎ ነው የታየኝ።

ይህ ሁሉ እንዲህ እያለ ሌላ ሚካኤል መጣ። ከቅዳሴ ወጥቼ ስወርድ አንዲት ጎረቤቴ ከኋላዬ ደርሳ ክንዴን ያዘችኝ። ባሏ የውሃ ቦቴ ነጂ ነው። ንግግሯ ፈጣን፣ ልቧ ቅን ሴት ናት።

«እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ እስካሁን ሳላመሰግንሽ» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«ለመፍቻሽ ነዋ። ያኔ በሚካኤል ባሌ ቀለበት መንገዱ ላይ ጎማ ፈንድቶበት፣ ቦቴው ውሃ እንደ ሞላ ቆሞ፣ ፖሊስ አንሣ ሲለው፣ አበልጅሽ አይደሉ በመፍቻሽ የደረሱለት?»

ቆምኩ።

«ባሌማ ገርሞት ነው የመጣ። 'ሴትየዋ ራሷ ልካቸው ነው' አለኝ። 'አበልጄ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነች ነው እንጂ ራሷ ትመጣ ነበር' ብለውት። አንቺንማ የማናውቅሽ ይመስል።»

«እንዲያ አሉት?»

«አዎ። መጨረሻ ላይ ግን መፍቻሽ ጭስ ስታወጣ ደንግጧል። 'ኧረ ይተዉ አባቴ፣ የቦቴ ብሎን ነው፣ የሰው ዕቃ እናቃጥላለን' ቢላቸው 'እኔ አውቅባታለሁ' አሉት። ምንም አልሆነችም አይደል?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ጋራዥ ውስጥማ የታወቀች ናት አሉ። በሚካኤልና በማርያም ብቻ ስለምትመጣ ልጆቹ 'የሚካኤሏ' ነው የሚሏት። 'ዛሬ የሚካኤሏ ስላለች ከባድ ከባዱን አምጡ' ይባባላሉ።» ሣቀች። «የአንቺ ዕቃ እንኳን በዓል ያከብራል።»

«ባልሽ በሰላም ገባ?» አልኳት።

«ገባ፣ ተመስገን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ይህንንም ከልቤ ነው ያልኩት። ሰውየው መንገድ ላይ አልቀረም። እሷ ምንም አልበደለችኝም፤ ምስጋናዋም እውነተኛ ነበር። ሚኒባሷ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ቆየሁ። እኔ ለቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ የግቢዬ በር ይከፈት ነበር። እኔ ለሳቸውም ጭምር ስጸልይ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አበልጄ ጎማ ሊፈቱልኝ መጡ። በሩ ተንቋቋ። ያን ቀን «ይግቡ» አላልኩም። ሳጥኑን ግቢ ውስጥ ያለው ዱካ ላይ አስቀምጬ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«አበልጄ፣ ይኼ በምን ነው የሞተው ያሉኝ?»

«በውሃ ነው አልኩሽ'ኮ። ዛሬ ምን አስታወሰሽ?»

«የቦቴው ነጂ ሰላም ብሎዎታል።»

ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው እጃቸውን ይጠርጉ ጀመር፤ ገና ምንም ሳይነኩ።

«ልተካልሽ እያሰብኩ ነበር» አሉ።

«እንዲተኩ አልጠየቅሁዎትም።»

«ሰው ተቸግሮ ነው።»

«አውቃለሁ። ቢጠይቁኝ እምቢ እል ነበር?»

«በበዓል ብረት አይነካም ትያለሽ ብዬ ነው።»

«እኔ አልነካም። ሰው መንገድ ላይ ሲቀር አትርዱ ብዬ አላውቅም።»

አሁንም እጃቸውን ጠረጉ።

«አበልጄ፣ መውሰዱም ይቅር። መቃጠሉም ይቅር፤ ዕቃ ነው። ጠበሉን ለምን አስገቡት?»

ሲመልሱ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ሌላ ምን ልበል? የምታምኚውን ነው ያልኩሽ።»

ብዙ ቀን ያሰብኩት ይህን ነው። ብዙ ነገር ሊሉኝ ይችሉ ነበር። ባትሪው ነው፣ ዕቃው ደካማ ነው፣ መብራቱ ነው። በእነዚያ ልከራከር እችል ነበር። የማልከራከርበትን ስፍራ ያውቁታል፤ ለሃያ ምናምን ዓመት አብረውኝ ቆመው ያዩት ስፍራ ነው። እዚያ ነው እጃቸውን የጨመሩት።

«አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ለልጄ ይደውሉለት። ጠበሉ እንዳልነበረ ከእርስዎ አፍ ይስማ። እኔ ብነግረው እናቴ ራሷን ለማዳን ነው ይላል። ከእርስዎ ከሰማ ግን ያምናል። በአርባ ቀኑ ያቀፉት ለዚህ አይደል?»

«እሺ። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።»

ጎማውን ፈትተው፣ ፍሬኑን አጽድተው፣ አስረው ሄዱ። ምሳ አቀረብኩላቸው፤ አልበሉም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለልጄ ደወልኩ።

«የክርስትና አባትህ ደወሉልህ?»

«አልደወሉም። ምነው፣ ታመው ነው?»

«ደህና ናቸው።»

በሚቀጥለው ሳምንትም ጠየቅሁት። «አንቺ ደግሞ፣ ደህና ናቸው ካልሽ ምን ያስደውላቸዋል?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተውኩ። እኔው ልንገረው ብዬ ስልኩን አንሥቼ ያስቀመጥኩባቸው ቀኖች አሉ። አባቱን በልጅነቱ ነው ያጣው። አባት ሆነው የቀሩት እሳቸው ናቸው። ብነግረው ጠበሉን ልመልስለት፣ አባቱን ልነጥቀው ነው። ስለዚህ ጠበቅሁ። ሰው ነውና ያፍራል፣ እስኪደፍር ጊዜ ይወስድበታል አልኩ።

አንድ ቀን ልጆቹን አድርሼ ስመለስ የቤቱ ደጃፍ ላይ አዲስ ሳጥን ተቀምጦ አገኘሁ። ከፊተኛው ይተልቃል። የተጻፈ ነገር የለውም፤ የሚያስፈልገውም አልነበረም። ከግቢው ውስጥ ነው፣ በሩም ተቆልፏል። እኔ የማልኖርበትን ሰዓት መርጠው፣ በዚያው ቁልፍ ከፍተው ገብተው፣ አስቀምጠው ወጥተዋል። መፍቻውን አመጡት። ቃሉን ግን አላመጡትም።

አልመለስኩባቸውም። የሰው ልጆች ትምህርት ቤት መድረስ አለባቸው። በእሱ ፈታሁ፣ በእሱ አሰርኩ። ጥሩ ይሠራል። ደስታ ግን አልሰጠኝም።

ልጄ ለዘመን መለወጫ ሲመጣ በበዓሉ ማግስት ሳጥኑን አየ።

«ይኼን ማን ገዛልሽ?»

«የክርስትና አባትህ።»

«እሳቸው? በምን ምክንያት?»

«እሳቸውን ጠይቃቸው።»

«ታድያ ማመስገን አለብኛ» አለና ለብሶ ወደ ጋራዡ ሄደ። አልከለከልኩትም። ፊት ለፊት ሲቀመጡ ይነግሩታል ብዬ አሰብኩ። በስልክ የከበዳቸው ዓይን ለዓይን ይቀላቸው ይሆናል። ልጄ ከወጣ በኋላ በር በሩን አይ ነበር።

የተመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። በሩን ከፍቶ ገባ፤ እኔ ጋ ሳይመጣ የሚኒባሷ መወጣጫ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

«ምን አሉህ?»

«እሳቸው ምንም አላሉኝም። ሻይ አዘዙልኝ።»

«ከዚያስ?»

«ስለ መፍቻው አመሰግናለሁ ስላቸው አንዱ ልጅ ከመኪና ሥር ብቅ አለና 'የሚካኤሏ ባለቤት አንተ ነህ እንዴ?' አለኝ። የምን ሚካኤል ስለው 'ያቺ በቦቴው የተቃጠለችዋ ነች። ሬሳዋን እንኳን አላሳዩንም'ኮ' አለና ሣቀ። ሌሎቹም ሣቁ። ጨዋታ መስሏቸው እየተቀባበሉ ሁሉንም ነገሩኝ።»

«እሳቸውስ?»

«ሻያቸውን እያማሰሉ ነበር። ቀና አላሉም።»

ዶሮዎቹ በእግራችን መሐል ይጭሩ ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከእሳቸው አፍ እንድትሰማው ፈልጌ።»

«አልሰማሁም» አለ። «ከእሳቸው አልሰማሁም እማዬ።»

እጁን ኪሱ ከትቶ አንድ ቁልፍ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። የግቢያችን ቁልፍ ነው። ባለቤቴ ያሰረበት ቀይ ክር አሁንም አለበት፤ በግሪስ ጠቁሯል።

«ጠየቅኻቸው?»

«አልጠየቅኋቸውም። ልወጣ ስል ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።»

የጠየቅኋቸው ሌላ ነበር። የሰጡኝ ይህን ነው።

ልጄ በማግስቱ ወደ አዳማ ሲመለስ ሻንጣውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጠርሙስ አልዘረጋሁለትም፤ አንዴ የመለሰውን እንደገና ማስያዝ ከበደኝ። እሱ ራሱ ወደ መስኮቱ ሄደ። ትንሿን ጠርሙስ አነሣት፣ ክዳኗን አጥብቆ ዞር አደረገ፣ ሻንጣው ጎን ላይ ሸጎጣት። አላየኝም፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ይጠጣው አይጠጣው አላውቅም። እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ለዚያች ጠርሙሷን ላነሣች እጁ ግን አምላኬን አመሰግናለሁ።

አበልጄ ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ጎንበስ ብለን ሰላም እንባባላለን። እርስዎ እንዳልኳቸው አለሁ፤ አበልጄም እላቸዋለሁ። ክርስትና አንዴ ነው የሚነሡት፣ የሚፈታበት መሣሪያ አልተሠራለትም። ስማቸውንም ከጸሎቴ አላወጣሁም። እዚያ ስደርስ ግን ጥቂት ጠብቄ ነው የማልፈው።

በቅርቡ ሚካኤል ነበር። ልጆቹን አድርሼ፣ አስቀድሼ፣ ጠበል ቀድቼ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ገባሁ። በሩን በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ። ነጠላዬን ሳላወልቅ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። ይህን ለማድረግ አላሰብኩም ነበር፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ከፈትኩት፣ መፍቻውን አወጣሁ፣ የባትሪውን መብራት አየሁ።

ሙሉ ነበር። በሩን የከፈተ ሰው አልነበረም።